ከኮምፒውተር ወደ ቴሌቪዥን በካሜራ በኩል፦ የአማርኛ ፊደል ግርጌ የት ይገባል?

እ.ኤ.አ. በ2007 ገደማ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፣ የሐበሻ ምግብ ቤትና ሱቅ ከማይጠፋበት የኦሮራው ሃቫና ስትሪት ብዙም በማይርቀው ቤታችን ቁጭ ብዬ የአንዲት ዘመዳችንን የሠርግ ቪዲዮ አቀናበርኩ። የሙሽሮቹን ስም በአረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ከታች ጻፍኩበት። ኮምፒውተሬ ላይ ያምር ነበር። ዲቪዲውን ዘመድ በተሰበሰበበት ሳሎን ስንከፍተው ግን የፊደሎቹ ግርጌ የለም! በአማርኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ፣ ቢ እና ቤ የሚለያዩት በቀኝ እግራቸው ግርጌ ብቻ ነው፤ እሱ ከተቆረጠ «ቤዛ» ብላችሁ የጻፋችሁት «በዛ» ተብሎ ይነበባል። ሙሽራዋ ሳቀች፤ እናቷ ግን አልሳቁም።

መፍትሔው እጄ ላይ ነበር፦ ሠርጉን የቀረጽኩበት ሚኒ ዲቪ ካሜራ። ኮምፒውተሬ የቴሌቪዥን መውጫ ባይኖረውም ካሜራው ሁለት በር አለው። በፋየርዋየር (ሶኒ አይ-ሊንክ ይለዋል) ዲጂታል ቪዲዮ ይቀበላል፤ በቢጫው ሶኬት ወይም በኤስ-ቪዲዮ ደግሞ ለቴሌቪዥኑ አናሎግ ምልክት ይሰጣል። ካሴቱን ታወጣላችሁ፣ ካሜራውን ከቀረጻ ወደ ማጫወቻ ታዞራላችሁ፣ ከዚያ በማቀናበሪያው ፕሮግራም ውስጥ ምስሉ ወደ ውጭ እንዲወጣ ታዝዛላችሁ። የፋየርዋየሩን ገመድ ስትሰኩ ካሜራው ጠፍቶ ይሁን፤ ትልቁ ባለ 6 ፒን ሶኬት ኤሌክትሪክም ስለሚያስተላልፍ በግልባጭ ከተሰካ ሊያቃጥል ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ቴሌቪዥኑ ሁለተኛ ስክሪን አይሆንም። ዴስክቶፑን፣ ማውሱን፣ ብራውዘሩን አታዩበትም። ኮምፒውተሩ ካሜራውን የሚያውቀው እንደ ሞኒተር ሳይሆን እንደ ቪዲዮ መቅረጫ ነው፤ ግራፊክስ ካርዱም በነገሩ ውስጥ የለበትም። በገመዱ የሚሄደው በ5 እጥፍ ገደማ የታመቀ፣ በሴኮንድ 25 ሜጋቢት የሚፈጅ የዲቪ ቪዲዮ ብቻ ነው። ካሜራው እሱን እስኪፈታ ቴሌቪዥኑ ከኮምፒውተሩ ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ድምፁን ከቴሌቪዥኑ ስሙ።

ታዲያ ለምን ይደከማል? ኮምፒውተሩ የሚደብቀውን ቴሌቪዥኑ ስለሚያሳይ ነው። የድሮው ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን የምስሉን ጠርዝ ይበላል። ለዚህ ነው ጽሑፍ ከየአቅጣጫው 10 በመቶ ገባ ብሎ እንዲቀመጥ የሚመከረው፤ ከ480 መስመሮች ከታች 48ቱን ባዶ መተው ማለት ነው። እኔ ስሙን የጻፍኩት እዚያው 48ቱ ውስጥ ኖሯል።

ሁለተኛው ችግር መርገብገብ ነው። ቴሌቪዥኑ ጎዶሎና ሙሉ ቁጥር መስመሮችን በየተራ ስለሚያሳይ፣ የአንድ መስመር ውፍረት ብቻ ያላት አግዳሚ ጭረት በሴኮንድ 30 ጊዜ ብቻ ብቅ እያለች ትርገበገባለች። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ ለንባብ ደስ ይላል፤ በትንሹ ሲጻፍ ግን ቀጫጭን ጭረቶቹ ቴሌቪዥን ላይ ይደንሳሉ። ወፍራም ፎንት ምረጡ።

ቀለሙ ደግሞ ይባስ። በአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ዲቪ አንድ መስመር ላይ የ720 ነጥቦች ብርሃን ሲመዘገብ ቀለም የሚመዘገበው ለ180 ብቻ ነው። ቀይ ፊደል በአረንጓዴ ላይ ስትጽፉ ጠርዙ የሚፈሰው ለዚህ ነው። ነጭ ጽሑፍ ጥቁር ጥላ ተደርጎበት ይሻላል፤ ባንዲራውን ሌላ ቦታ አድርጉት።

ዛሬ አዳዲስ ኮምፒውተሮች የፋየርዋየር ሶኬት የላቸውም፤ ለቴሌቪዥንም ኤችዲኤምአይ አለ። ካሜራው አሁን የሚፈለገው ለግልባጩ ሥራ ነው፦ ከቪኤችኤስ ማጫወቻ ወደ ካሜራ፣ ከካሜራ ወደ ኮምፒውተር፣ የድሮ ካሴት ለማስገባት። ይህን ግን ሁሉም ካሜራ አይችልም፤ ከመግዛታችሁ በፊት አናሎግ መቀበሉን አረጋግጡ። ከአውሮፓ በመጡት ብዙዎቹ ላይ ደግሞ፣ ቪዲዮ መቅረጫ ተብለው ቀረጥ እንዳይጨምርባቸው፣ ከውጭ ቪዲዮ የሚቀበሉበት በር ተዘግቶ ነበር። የኢትዮጵያ ካሴት ፓል ነው፦ 576 መስመር፣ በሴኮንድ 25 ምስል። አሜሪካ የተገዙት አብዛኞቹ ካሜራዎች አይቀበሉትም። የአክስቴ ሠርግ የተቀረጸው አዲስ አበባ ስለሆነ፣ በሩ ያልተዘጋ የፓል ካሜራ እያፈላለግሁ ነው።