እጅ ሲማር ልብ ይጸናል



በቢታ ገነት ዙሪያ ዝናብ ሲበረታ የገጠሩ መንገድ ይጨቀያል። ምጥ የጠናባትን ሴት ወደ ጤና ጣቢያ ለማድረስ ጎረቤት ተጠራርቶ ቃሬዛ ይሸከማል። እንዲህ ባለው ሰዓት ሙያ የተማረች አንዲት ሴት በቅርብ መኖሯና አለመኖሯ የሁለት ነፍስ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ልጃገረዶችን ለማስተማር ስንረዳ ሁለት ጥያቄ ይነሣል፤ ለሕዝቡ ምን ይጠቅማል? ለልጅቱስ ለራሷ ምን ያደርግላታል? ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው እርሱን ነው፤ ለዚህም ከአገራችን የወይዘሮ ማሚቱ ጋሼን ታሪክ እናነሣለን።

አልጋ ከማንጠፍ የጀመረ ትምህርት

ወይዘሮ ማሚቱ በገጠር ያደጉ፣ ትምህርት ቤት ያልገቡ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1962፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን ሲወልዱ ምጡ ለቀናት ቆየ። ሕፃኑ ሞተ፤ እርሳቸውም በጽኑ ተጎድተው አዲስ አበባ ወደ ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል መጡ።

ጉዳታቸው ፊስቱላ ይባላል። ምጥ ሲራዘም የሕፃኑ ራስ በእናቲቱ የዳሌ አጥንት ላይ ተጭኖ በመካከል ያለውን ሥጋ ደም ያሳጣዋል። ሥጋው ሲሞት ቀዳዳ ይከፈታል፤ ሽንት፣ አንዳንድ ጊዜም ዓይነ ምድር፣ ያለ ፈቃድ ይፈስሳል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሴቶች ከሰው ተለይተው ለዓመታት ተደብቀው ኖረዋል።

ያከሟቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ነበሩ። እነዚህ ክርስቲያን ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1959 አዋላጆችን ለማስተማር በሦስት ዓመት ውል መጥተው ቀሪ ዕድሜያቸውን በኢትዮጵያ ያሳለፉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ።

የወይዘሮ ማሚቱ ጉዳት በአንድ ቀዶ ሕክምና የሚያበቃ አልነበረም። ስለዚህ እዚያው ቆዩ፤ ቆይተውም ሥራ ጀመሩ። መጀመሪያ አልጋ ያነጥፉ፣ እንደ እርሳቸው የታመሙትን ይረዱ ነበር። ቀጥሎ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ገብተው ሐኪሞቹን ማገዝ ያዙ። ሐኪሞቹም የእጃቸውን ችሎታ አይተው ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደረጃ በደረጃ አስተማሯቸው። በመጨረሻም ቀዶ ሕክምናውን በራሳቸው እጅ የሚሠሩ ሆኑ።

ሙያው ስለምን ይከብዳል?

የተቀደደ ጋቢ የሚሰፋ ሰው ጨርቁን በብርሃን ዘርግቶ ይሠራል። የፊስቱላ ሐኪም ግን የሚሰፋው በጠባብና ጥልቅ ስፍራ፣ በጠባሳ በደረቀ ሥጋ ላይ ነው። ስፌቱ ውሃ ማሳለፍ የለበትም። ስለዚህ ሥራው ሲያልቅ ፊኛው ቀለም በተቀላቀለበት ውሃ ይሞላል፤ ቀለሙ በስፌቱ በኩል ከወጣ ስፌቱ አልያዘም ማለት ነው። ከያዘም በኋላ ቁስሉ እስኪጠግግ ሁለት ሳምንት ያህል ሽንቱ በቱቦ እንዲወጣ ይደረጋል።

እንዲህ ያለ ሙያ ሠራተኛውን ይቀርጻል። ቀለሙ ለማንም አያዳላም፤ ዲፕሎማ ላለውም ለሌለውም ያው ነው። «እኔ ለምንም አልረባም» ብላ ያመነች ሴት የያዘ ስፌት በዓይኗ ስታይ፣ መቻሏን የምታውቀው ከሰው ሙገሳ ሳይሆን ከሥራው ነው። ያልያዘ ስፌት ስታይ ደግሞ ፈትታ እንደገና መስፋትን ትማራለች። በራስ መተማመንና ትሕትና አብረው የሚያድጉት በዚህ ዓይነት ነው። «ሙያ በልብ ነው» የሚለው የአበው አነጋገርም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ወይዘሮ ማሚቱ ማንበብና መጻፍ የተማሩት የእጅ ሙያውን ከጀመሩ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። አንዱን መቻላቸው ሌላውን ለመጀመር ድፍረት የሰጣቸው ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ1989 በለንደን የሚገኘው የንጉሣዊ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ከሃምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ቢቢሲ ከዓመቱ 100 ሴቶች አንዷ አድርጎ መረጣቸው። ከሽልማቱ ሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ ከአገር ውስጥና ከውጭ የመጡ ሐኪሞች ይህን ቀዶ ሕክምና ከእርሳቸው ተምረዋል።

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 35 ላይ ስለ ባስልኤልና ስለ ኤልያብ እናነባለን። እግዚአብሔር የእጅ ጥበብን ብቻ ሳይሆን ሌላውን የማስተማር ልብንም ሰጣቸው። በዚያው ምዕራፍ በእጃቸው የፈተሉ ሴቶችም ተመዝግበዋል። ሙያ ፍጹም የሚሆነው ወደ ሌላ እጅ ሲተላለፍ ነው።

ለእኛ የሚሆን ትምህርት

ዛሬ የቀዶ ሕክምና መንገድ በትምህርት ቤት በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተው የሃምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ከገጠር የመጡ ልጃገረዶችን ያሠለጠነው ተመርቀው ወደ ገጠር እንዲመለሱ ነው፤ በሠለጠነ አዋላጅ የታየና በጊዜው ወደ ሆስፒታል የተላከ ምጥ ፊስቱላን አያመጣምና። በቢታ ገነት ያለች ልጃገረድ እዚህ እንድትደርስ ግን አስቀድማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን መጨረስ አለባት። ቡና ሲለቀም ከክፍል የምትቀር፣ በልጅነቷም የምትዳር ልጅ መንገዱ ከጅምሩ ይዘጋባታል። ይህን ለወላጆች ማስረዳት የአጥቢያ ሽማግሌዎች ድርሻ ነው።

በፕሮጀክት ሥራ ላይ ያላችሁ ወገኖች ሆይ፤ አዋላጅነትም ሆነ ስፌት፣ ለልጅቱ ሙያ ስትመርጡ ቀላል ስለሆነ ብቻ አትምረጡ። ቶሎ የሚያልቅ ሥልጠና ለሪፖርት ይመቻል፤ ልብን የሚያጸና ግን ጊዜ የሚወስደው ነው። ከአጠገቧ የሚቆም አስተማሪ ይኑራት። ስትሳሳት ሥራውን ከእጇ አትንጠቁ፤ እንደገና እንድትሠራው አድርጉ። ከሠለጠነችም በኋላ «ስንት ብር አገኘች?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ «ማንን እያስተማረች ነው?» ብላችሁም ጠይቁ።

የምትጸልዩና የምትረዱ ማኅበረ ምእመናን ሁሉ፤ ወይዘሮ ማሚቱ በመጡ ጊዜ ለሐኪሞቹ ከብዙ ሕሙማን አንዷ ነበሩ። ሃምሊኖች ቁስላቸውን ብቻ አክመው ቢያሰናብቷቸው ኖሮ መልካም ሥራ ሠርተው ነበር። ነገር ግን መርፌውንም በእጃቸው ሰጧቸው። እኛም የምንረዳትን ልጅ ከመርዳት አልፈን ሥራ እንድናምናት እግዚአብሔር ያስተምረን።