«አዎ» የሚለው ቁልፍ፦ ማልዌር ቤታችን በየት በኩል ይገባል?

እዚህ ስቶክሆልም «ኮምፒውተር ተምሯል» የሚል ስም የወጣለት ሰው የቡና ጥሪ አይጠፋውም። ባለፈው ኅዳር አንድ ቅዳሜ የዕድራችን ጸሐፊ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ አክስትህ ቡና አፍልታለች፣ ብቅ በል። እግረ መንገድህንም ያቺን ላፕቶፕ ታይልኛለህ» አሉኝ። ከሁዲንጌ ጣቢያ በባቡር አንድ ፌርማታ ሄጄ ፍሌሚንግስበርግ ወረድኩ።

ጋሼ (ስማቸውን አልጠቅስም፤ ታሪኩን እንድጽፈው ግን ፈቅደውልኛል) መጀመሪያ ያሉኝ «ሰሞኑን ተንቀራፈፈብኝ» ብቻ ነበር። ቀጥለው የነገሩኝን ስሰማ ግን ሲኒዬን አስቀመጥኩ። ጠዋት ሁለት የዕድሩ አባላት ደውለው «ጋሼ፣ የላኩልን ፎቶ አልከፈት አለን» ብለዋቸዋል። እሳቸው ምንም ፎቶ አልላኩም።

ያ ላፕቶፕ የዕድሩ መዝገብ ያለበት ነው። የአባላት ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ አለበት። «አገር ቤት ለማን ይደወል?» በሚለው ዓምድ ሥር ደግሞ የእናት፣ የወንድም፣ የእህት ቁጥር ተመዝግቧል። ሰው ሞቶ አስከሬኑ አገር ቤት ሲሸኝ የሚከፈተው ያ ፋይል ነው። ስለዚህ ጥያቄው ከላፕቶፑ መንቀራፈፍ በላይ ነበር።

ፎቶ ያልሆነው ፎቶ

መጀመሪያ ዋይፋዩን አጠፋሁት። ከዚያ የተላከውን ኢሜይል አየሁ። ርዕሱ «የቀብሩ ፎቶዎች» ይላል፤ ዚፕ ፋይል ተያይዞበታል። ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ አባላችንን ቀብረናል፤ ስለዚህ ያንን ርዕስ አይቶ የማይከፍት የዕድር አባል አይገኝም።

ዚፑ ውስጥ የፎቶ ምልክት ያለው አንድ ፋይል አለ። ዊንዶውስ ግን የፋይል ስም የመጨረሻ ቅጥያን በራሱ ይደብቃል። «የፋይል ቅጥያ አሳይ» የሚለውን ሳበራው እውነተኛው ጭራ ወጣ፦ ኢኤክስኢ። ፎቶ ሳይሆን ፕሮግራም ነው። ምልክቱ ማስረጃ አይሆንም፤ ፕሮግራም የሠራ ሰው የፈለገውን ምልክት ይለጥፍበታል።

ጋሼን ያስደነገጣቸው ግን ሌላ ነው። «ሌባው አማርኛ ያውቃል ማለት ነው?» አሉኝ። የግድ አይደለም። «የቀብሩ ፎቶዎች» የሚለውን ርዕስ እሳቸው ራሳቸው ከሳምንት በፊት ለአባላት ጽፈውት ነበር። ማልዌሩ የመልእክት ሳጥናቸውን ከፍቶ፣ የድሮውን ደብዳቤ ወስዶ፣ መልስ አስመስሎ ላከው። ኢሞቴት የተባለው ታዋቂ ማልዌር በዓለም ዙሪያ በዚሁ ዘዴ ሲሠራ ኖሯል። አንድም አማርኛ ሳያውቅ በአማርኛ ያጠምዳል።

የመጀመሪያው በር

ታዲያ ጋሼ ላፕቶፕ ላይ በየት ገባ? የዳውንሎድ ፎልደሩን በቀን ደርድሬ ሳይ አገኘሁት። «ክራክ» የተደረገ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም አውርደዋል። አብሮት የመጣው መመሪያ የመጀመሪያ መስመር «አንቲቫይረሱን ያጥፉ» ይላል። አጥፍተዋል። ከዚያ ዊንዶውስ «ይህ ፕሮግራም በኮምፒውተርዎ ላይ ለውጥ እንዲያደርግ ይፈቅዳሉ?» ብሎ በስዊድንኛ ጠየቃቸው። «አዎ» አሉት።

ልስቅባቸው አልቻልኩም፤ እኔም ያው ነኝ። አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ ፍላሻችን ላይ ያለው ፎልደር ሁሉ ወደ ሾርትከት የሚለወጥበት ዘመን ነበር። ፕሮግራም የምናገኘው ከጓደኛ ፍላሽ፣ ቁልፉን የምናገኘው ከኢንተርኔት ካፌው ልጅ ነው። አንቲቫይረስ አጥፍቶ መጫን እንደ ነውር አይታይም ነበር፤ እንዲያውም የባለሙያነት ምልክት ነበር።

ይህ ልማድ ከስንፍና የመጣ አይመስለኝም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት፣ እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ ፎንትና የራሱ አቀማመጥ ነበረው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። በቋንቋችን ለመጻፍ ከየትም የመጣ ፕሮግራም መጫን ግድ ነበር። ማሽኑ «ልፍቀድ?» ባለ ቁጥር «አዎ» ማለትን የተማርነው ያኔ ነው።

ዛሬ ግን ምክንያቱ የለም። ከዊንዶውስ ቪስታ (2007) ጀምሮ የአማርኛ ኪቦርድና ፎንት ከዊንዶውሱ ጋር ይመጣሉ። «ሰላም»ን በላቲን ፊደል ድምፁን እየተከተለ መጻፍ ለለመደ ደግሞ ኪይማን በነጻ አለ። ጋሼ ክራክ ያወረዱት ላፕቶፓቸው ውስጥ ተኝቶ ለነበረ ነገር ነው።

ዊንዶውስ የሚጠብቀው ማንን ነው?

ለፕሮግራመሮች አንድ ነገር ላስረዳ። ያ «ይፈቅዳሉ?» የሚለው መስኮት ከቪስታ ጋር የመጣ ነው። ኮምፒውተሩ ሲገዛ የሚከፈተው የመጀመሪያ አካውንት የአድሚኒስትሬተር ነው፤ ዊንዶውስ ግን ሥልጣኑን ቀንሶ ያሠራውና ከፍ ያለ ሥልጣን ሲፈለግ ይጠይቃል። «አዎ» ከተባለ ፕሮግራሙ የሲስተም ፎልደሮችን መለወጥ፣ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር መነሣት ይችላል። የጋሼ ማልዌርም ይህን ዕድል ተጠቅሞ ከዊንዶውስ አንቲቫይረስ ቅንብር ውስጥ ገብቶ፣ መላው የሲ ድራይቭ እንዳይፈተሽ አድርጎ ነበር። ስለዚህ በኋላ አንቲቫይረሱን ቢያበሩትም ዐይኑ ታስሯል።

«አይ» ቢሉትስ ኖሮ? ይሻል ነበር፤ ነገር ግን ብዙዎቻችን የማናስተውለው እዚህ ላይ ነው። በተለመደው የዴስክቶፕ አሠራር አንድ ፕሮግራም የሚሮጠው በከፈተው ሰው ስም ነው። እኔ የማነበውን ፋይል ሁሉ እኔ የከፈትኩት ፕሮግራም ያነበዋል። የዕድሩን መዝገብ ለመስረቅ የአድሚኒስትሬተር ሥልጣን አያስፈልግም። ብራውዘር ውስጥ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችና «አንዴ ገብቻለሁ» የሚሉት ኩኪዎችም በዚያው ተጠቃሚ ስም ያሉ ናቸው። ኩኪው ከተሰረቀ ሌባው የይለፍ ቃልም ሆነ በስልክ የሚመጣ ኮድ ሳይጠየቅ ሊገባ ይችላል።

ስልካችን ከዚህ ይለያል። አንድሮይድ ለእያንዳንዱ አፕ የራሱን የሊኑክስ ተጠቃሚ ቁጥር ይሰጠዋል፤ አንዱ አፕ የሌላውን ፋይል ማየት አይችልም። ዴስክቶፕ ግን አንድ ሰፊ አዳራሽ ነው፤ በሩን አልፎ የገባ ሁሉንም ያያል። ስለዚህ ጥበቃው የሚወድቀው በሩ ላይ ባለው ሰው ላይ ነው።

ሰው ምንም ሳይጫን የሚገባም አለ። ግንቦት 2017 ላይ ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ ዊንዶውስ ውስጥ ባለ ቀዳዳ ከማሽን ወደ ማሽን በራሱ ይዘል ነበር። ማይክሮሶፍት ግን ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ያወጣው ከሁለት ወር በፊት፣ በመጋቢት ነው። እዚሁ ስዊድንም ሐምሌ 2021 ካሴያ በተባለ የማሽን ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር በኩል በገባ ጥቃት የኩፕ ሱፐርማርኬቶች ገንዘብ መቀበያ ቆሞ፣ ከ800 ያህል ሱቆች አብዛኛዎቹ ተዘግተው ነበር። ያኔ ገንዘብ ተቀባዮቹ ምንም አልተጫኑም። ቤት ውስጥ ግን ታሪኩ ብዙውን ጊዜ እንደ ጋሼ ነው።

እኛን ፈልገው ሲመጡ

«እኔን ሽማግሌውን ማን ይፈልገኛል?» አሉ ጋሼ። የእሳቸው ሌባ ማንንም የሚያጠምድ ተራ ሌባ ነው። ነገር ግን በተለይ ኢትዮጵያውያንን ፈልገው የመጡም አሉ።

በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ መጋቢት 2013 ላይ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር የግንቦት 7 ፎቶዎችን ማጥመጃ አድርጎ እንደሚሠራጭ አሳየ። ፎቶው ይከፈታል፤ ከጀርባ ግን ፕሮግራሙ ይጫናል። ታኅሣሥ 20 ቀን 2013 ደግሞ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሁለት የኢሳት ባልደረቦች ላይ ሦስት ሙከራ ተደረገ፤ ሲቲዝን ላብ ሶፍትዌሩን ሃኪንግ ቲም ከተባለው የጣሊያን ኩባንያ ምርት ጋር አያይዞታል። በሐምሌ 2015 የኩባንያው ሰነዶች ራሳቸው ተሰርቀው ሲወጡ፣ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ ደንበኛው እንደነበር ታየ። በ2017 የወጣው ሌላ የሲቲዝን ላብ ጥናት ደግሞ ውጭ አገር ላሉ ኢትዮጵያውያን የሚላክ የቪዲዮ ሊንክ «መጀመሪያ ፍላሽ ፕሌየርዎን ያድሱ» እያለ የስለላ ፕሮግራም ያስጭን እንደነበር አሳየ።

ከሁሉም የማይረሳኝ ፍርድ ቤት «ኪዳኔ» በሚል የብዕር ስም የሚያውቀው የሜሪላንድ ነዋሪ ጉዳይ ነው። በኢሜይል የመጣ አንድ የወርድ ሰነድ ተከፈተ። ክሱ እንደሚለው ከዚያ በኋላ ለወራት የስካይፕ ጥሪዎቹ፣ ኢሜይሎቹ፣ ልጁ ለዘጠነኛ ክፍል የታሪክ ትምህርት ኢንተርኔት ላይ የፈለገው ሁሉ ተቀድቷል። በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። የአሜሪካ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን የለኝም አለ፤ ይግባኝ ሰሚውም በመጋቢት 2017 አጸናው፤ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ አልተፈጸመም በሚል ምክንያት።

እነዚህን ሁሉ ከጋሼ ላፕቶፕ ጋር የሚያገናኛቸው መንገዱ ነው፦ የሚታመን ሰው፣ የሚያጓጓ ርዕስ፣ አንድ ጠቅታ።

ምን አደረግን?

ጋሼ ወዲያው የይለፍ ቃላቸውን ሊቀይሩ ወደ ኪቦርዱ ተጠጉ። እጃቸውን ያዝኩ፤ በተበከለ ማሽን ላይ አዲስ የይለፍ ቃል መጻፍ ለሌባው እንደ መስጠት ነው። በስልካቸው ቀየርነው፤ ኢሜይሉንም «ከሁሉም መሣሪያ ውጣ» አስባልነው፤ የተሰረቀውን ኩኪ ዋጋ የሚያሳጣው እሱ ነው። ሰነዶቹን ብቻ ቀዳን፤ ፕሮግራም አልቀዳንም። ከዚያ በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር በተዘጋጀ ፍላሽ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ሰርዘን ዊንዶውስ 11 እንደ አዲስ ጫንን፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። በመጨረሻ ሁለት አካውንት ከፈትን፦ አንዱ አድሚኒስትሬተር፣ ሌላው ጋሼ በየቀኑ የሚሠሩበት ተራ አካውንት። አሁን ማሽኑ ሲጠይቅ «አዎ» መጫን ብቻ አይበቃም፤ የይለፍ ቃል መጻፍ ያስፈልጋል። ያቺ አፍታ ለማሰብ ትበቃለች። የፋይል ቅጥያ እንዲታይ አደረግን፤ አማርኛ ኪቦርዱንም አበራን። የዕድሩ መዝገብ የተቆለፈ ቅጂ ደግሞ ሁልጊዜ በማይሰካ ዲስክ ላይ ተቀመጠ።

የቀረው ከባዱ ነበር። መዝገቡ መሰረቁን በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም፤ እንደተሰረቀ መቁጠር ግን ግዴታ ነው። «ለአባላት መንገር አለብን» አልኳቸው። ጋሼ ዝም አሉ። ለስንት ዓመት ያለ አንዲት የሒሳብ ጉድለት መዝገብ የያዙ ሰው ናቸው። «ምን ይሉኛል?» አሉኝ።

በማግስቱ እሑድ ስብሰባ ላይ ግን ራሳቸው ተነሡ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። አገር ቤት ያሉ ቤተሰቦቻችሁን ንገሯቸው፤ ማንም በዕድሩ ስም ደውሎ ገንዘብ ቢጠይቅ እንዳይሰጡ» አሉ። ማንም አልወቀሳቸውም። አንዲት እናት «እኔም ከፍቼዋለሁ» አሉ። ከዚያ ሌላ ሰው እጁን አወጣ። ከስብሰባው በኋላ ሦስት ላፕቶፕ ጠረጴዛዬ ላይ ተደረደረ። ጋሼ ደፍረው ባይናገሩ ኖሮ እነዚያ ሦስቱ እስከ ዛሬ ለሌላ ሰው «ፎቶ» ይልኩ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ማታ ጋሼ ደወሉልኝ። ላፕቶፑ አንድ ነገር ጠይቋቸው መነጽራቸውን አድርገው በስዊድንኛ ቃል በቃል አነበቡልኝ። ያልከፈቱት ፕሮግራም «ልለውጥ?» እያለ ነው።

«ምን ልበለው ልጄ?»

«እርስዎ ያዘዙት ነገር አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው?»

ትንሽ ዝም አሉና «አይ አልኩት» አሉኝ።