ከሽንፈት በኋላ ያለው ክረምት

ኳስ የሚወድ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ በቤቱ ያለ ሰው ይህን ያውቃል። የሚደግፉት ቡድን በጊዜ ከውድድር ሲሰናበት እራት ይተርፋል። ልጁ አኩርፎ ይተኛል። በማግስቱ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ አሠልጣኝ ይሆናል። «አሠልጣኙ ይባረር!» «በረኛው ይቀየር!» «እነዚህ አሮጌዎች ይውጡና ልጆች ይግቡ!»

እኔ በሸዋ ሮቢት ብዙ ዓመት ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ። ኳስ ተጫውቼ አላውቅም፤ ከልጆቼና ከልጅ ልጆቼ ጋር ግን ብዙ ሽንፈት ተመልክቻለሁ። ባለፉት ዓመታት ከጨዋታው ይልቅ ቀልቤን የሚስበው ከሽንፈቱ በኋላ ያለው ጊዜ ሆኗል። ማን ይቆያል? ማን ይሄዳል? ምን ይስተካከላል? እነዚህ ጥያቄዎች የቡድን ብቻ አይደሉም፤ አንድ ቀን በየቤታችን ይገባሉ።

ሁለት ጥሮች

በእኔ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.ን ይጠቅሳሉ። ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣችበት ቀን ነው። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር።

ከዚያ ልክ 51 ዓመት ቆይቶ፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ዋልያዎቹ በደቡብ አፍሪካ ከዛምቢያ ጋር ተጫወቱ። ለ31 ዓመታት ከአፍሪካ ዋንጫ ርቀን ቆይተን ነበር። ዛምቢያ ደግሞ ያለፈው ዋንጫ ባለቤት ነበረች። በረኛችን በቀይ ካርድ ወጥቶ በ10 ሰው ተጫውተን አዳነ ግርማ ባገባት ጎል 1 ለ 1 ተለያየን። ያን ቀን ከተማችን እንቅልፍ አልነበራትም። ደስታው ግን አልዘለቀም። በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ከምድቡ ተሰናበትን።

ያኔም «ይባረር» የሚል ድምፅ ነበር። ሆኖም አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ቀጠሉ፤ ዋናዎቹ ተጫዋቾችም ቀጠሉ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 አሸነፉ፤ ለዓለም ዋንጫ ከመጨረሻዎቹ አሥር የአፍሪካ ቡድኖች አንዱ ሆኑ። በመካከሉ ግን ሁለት ቢጫ ካርድ ያለበት ተጫዋች ቦትስዋና ላይ በመሰለፉ ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን። ሜዳ ላይ የተገኘ ድል በወረቀት ጠፋ። በመጨረሻም በናይጄሪያ በደርሶ መልስ 2 ለ 1 እና 2 ለ 0 ተሸንፈን ብራዚል ሳንሄድ ቀረን።

በጥር 2006 ዓ.ም. ደግሞ በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ተጫዋቾች ብቻ በሚሳተፉበት የአፍሪካ ውድድር ሦስቱንም ጨዋታ፣ ያውም አንድም ጎል ሳናገባ፣ ተሸነፍን። በዚህ ጊዜ አሠልጣኙ ተሰናበቱ። ከፖርቱጋል ማሪያኖ ባሬቶ መጡ። ባማኮ ላይ ማሊን 3 ለ 2 ያሸነፍንበት ጊዜ ቢኖርም ለቀጣዩ የአፍሪካ ዋንጫ አላለፍንም። እሳቸውም በዓመቱ ገደማ ተሰናበቱ።

ሁለተኛው ጥር የ2014 ዓ.ም. ነው። ለእኛ ለይፋት ሰዎች ያ ጥር ከሌላው ይለያል። ጦርነቱ በኅዳር ከተማችን ገብቶ የወጣበት ሰሞን ነው። የተፈናቀለው ገና እየተመለሰ፣ ሱቁ ገና እየተጠረገ ነበር። ቴሌቪዥን ያለው ቤት በር ከፍቶ ጎረቤቱን ያስገባል፤ ከሥሩ የተቀመጡት ልጆች ሁለት ወር ሙሉ ሳቃቸው ያልተሰማ ናቸው። ዋልያዎቹ በካሜሩን በኬፕ ቬርዴ 1 ለ 0 ተሸነፉ። ቀጥሎ ዳዋ ሆቴሳ ገና በአራተኛው ደቂቃ አግብቶ ቤቱን አስጨፈረው፤ ካሜሩን ግን 4 አስቆጠረች። ከቡርኪና ፋሶ ጋር ጌታነህ ከበደ በፍጹም ቅጣት ምት አግብቶ 1 ለ 1 ወጡ። በአንድ ነጥብ ወደ ቤት ተመለሱ።

አሠልጣኝ ውበቱ አባተ አልተነሡም። አምስት ወር ሳይሞላ፣ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የዚያው ዋንጫ ሁለተኛ የነበረችውን ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፉ። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። ጨዋታው የእኛ «የሜዳችን» ጨዋታ ነበር፤ የተደረገው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የሚጠይቀውን መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም አገራችን ውስጥ አልነበረምና።

አሠልጣኝን ማቆየት መድኃኒት ነው እያልኩ አይደለም። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በጊኒ ሁለት ጊዜ ተሸንፈን ለቀጣዩ ዋንጫ ሳናልፍ ቀርተናል፤ አሠልጣኙም ተለያይተዋል። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ሜዳ የሌለው ቡድን አሠልጣኝ ቢቀያይር ሜዳ አያገኝም። ካርድ የሚቆጥር ሰው የሌለው ቡድን አጥቂ ቢቀይር መዝገቡ አይስተካከልም። ሰው ከመቀየር በፊት «የተሸነፍነው በምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

የገና ጨዋታና የቶሮንቶ ሰዎች

ቶሮንቶ የሚኖር የእህቴ ልጅ በስልክ የሚያወራልኝ ስለ ሆኪ ነው። «አባባ፣ የእኛው ገና ጨዋታ በበረዶ ላይ ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ቆልማማ ዱላ ይዞ ሩር መምታት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ልዩነቱ ከጨዋታው በኋላ ነው። በገና ጨዋታ ጌታም አይቆጣም፤ ሲመሽ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል፤ በማግስቱ የሚባረር የለም።

የቶሮንቶው ቡድን ሜፕል ሊፍስ ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1967 ወዲህ ዋንጫ አላነሣም። ለዓመታት በመደበኛው ውድድር ጎበዝ ነበር፤ ጥሎ ማለፉ ሲመጣ ግን በጊዜ ይወጣ ነበር። እዚያ አገር እስከ ሰባት ጨዋታ በሚደርስ ፍልሚያ ነው የሚተላለፉት። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ቦስተን በሰባተኛው ጨዋታ ካሰናበታቸው በኋላ አሠልጣኙ ተባረረ። አዲሱ አሠልጣኝ በዓመቱ አንድ ዙር አሻገራቸው፤ ከዚያ እንደገና በሰባተኛው ጨዋታ ወጡ። ያን ክረምት ደግሞ ከትልልቆቹ ኮከቦች አንዱ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ።

ከዚህ ሁሉ ልቤን የነካው አንድ ልማዳቸው ነው። ቡድኑ በተሰናበተ በቀናት ውስጥ ተጫዋቾቹ ዕቃቸውን ከመልበሻ ክፍል ይሰበስባሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ለብቻው ከአሠልጣኙና ከኃላፊው ጋር ይቀመጣል። ምን ጥሩ ሠራህ? ምን ጎደለህ? ክረምቱን በምን ታሳልፋለህ? ሁሉም ይጠየቃል፤ ሁሉም ይመልሳል። በአደባባይ አይደለም፤ በር ተዘግቶ ነው።

የሰፈራችን ጉባኤ

የልጅ ልጄ ከ15 ዓመት በታች በሆነ የሰፈር ቡድን ይጫወታል። አንድ ክረምት፣ ፀሐይ በረድ ሲል በሚጀመር ውድድር፣ ምድባቸውን አንደኛ ሆነው ጨረሱ። በመጀመሪያው ጥሎ ማለፍ ግን በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፉ። በረኛው 14 ዓመቱ ነበር። አንዱንም አላዳነም።

በሳምንቱ ወላጆች ዋርካ ሥር ተሰበሰብን። ቡና ተፈላ። ማልያውን የገዛነው በመዋጮ ነበር፤ አንዱ ሽንኩርት ሽጦ፣ ሌላው ከማሾው ቀንሶ ነው ያዋጣው። ስለዚህ የተቆጣው ሁሉ የመቆጣት መብት አለኝ ባይ ነው። ሦስት ሐሳብ ቀረበ። አንዱ፣ ያለ ደመወዝ የሚያሠለጥናቸው ወጣት ይነሣ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ከሌላ ቀበሌ ጠና ያለ በረኛ ይምጣ፤ ዕድሜውን ማን ያየዋል የሚል። ሦስተኛው፣ ቡድኑ ይበተንና ማልያው ይከፋፈል የሚል ነበር።

አሠልጣኙ ዝም ብሎ ሰማ። ከዚያ አንድ ደብተር አወጣ። የልምምድ መገኛ መዝገብ ነበር። በማሽላ አረምና ኩትኳቶ ሰሞን ከልጆቹ ግማሽ ያህሉ በልምምድ ቀን አልነበሩም። ወላጅ ማሳ ልኳቸዋል። ቅጣት ምት ከመቱት አምስት ልጆች ሦስቱ አብረው ቅጣት ምት ተለማምደው አያውቁም። «ልጆቹን ማሳ አትላኩ አልልም» አለ፤ «ቤት የሚኖረው በማሳው ነው። ሰዓቱን ግን አብረን እንወስን።»

ጉባኤው ጸጥ አለ። ያን ጊዜ የበረኛው እናት ከኋላ ተነሣች። «ልጄ ከዚያ ቀን ወዲህ እህል አልቀመሰም ማለት ይቻላል» አለች። «ከጓደኛው ጋር ስለ መንገድ ሲያወራ ሰምቻለሁ።»

ይፋት ውስጥ «መንገድ» ሲባል ማብራሪያ አያስፈልግም። ከተማችንን ሰንጥቆ የሚያልፈው አስፋልት ወደ ኮምቦልቻ ይወጣል፤ ከዚያ በባቲና በሚሌ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ባሕር ነው። በዚያ በኩል ሄዶ ድምፁ የጠፋ ልጅ የማያውቅ ቤት ጥቂት ነው። ያዘነ ልጅ ሲገኝ ደላላ ሩቅ አይሆንም። ከዚያ ቃል በኋላ ስለ ማልያ የተናገረ የለም።

የተወሰነው እንዲህ ነው። አሠልጣኙ ይቆያል። ልምምዱ ልጆቹ ከማሳ በሚመለሱበት ሰዓትና በእሑድ ይሆናል፤ ወላጅም ያንን ሰዓት ያከብራል። ዕድሜው ያለፈ ልጅ አይመጣም። በረኛው በረኛ ሆኖ ይቀጥላል፤ ሌላ ተጠባባቂ በረኛ ግን ይሠለጥናል፤ አንድ ልጅ ብቻውን ያን ሁሉ ሸክም እንዳይሸከም። ለገና እንደገና ተገናኝተን ውሳኔው ሠራ ወይ ብለን እናያለን።

በማግስቱ አሠልጣኙ ወደ በረኛው ቤት ሄደ። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅሁም። ልጁ በጥቅምት ልምምድ ጀመረ። ዘንድሮም ጎል ይገባበታል፤ ነገር ግን እዚሁ ነው፣ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ማታ እናቱ ቤት እራት ይበላል።

ኳስ የሌለበት ቤትም

ይህን የምጽፈው ስለ ኳስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለስፖርት ገጽ እተወው ነበር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመትም 3.2 በመቶ ነበሩ። ማለት ከመቶ ልጆች 96 እና 97 የሚሆኑት በአንድ ቀን «ወድቀሃል» ተባሉ። ያን ሰሞን በስንቱ ቤት ሰው ተወቀሰ? መምህሩ፣ ስልኩ፣ እናቲቱ፣ ጓደኛው፣ ልጁ ራሱ። «በምን ወደቅን?» ተብሎ የተጠየቀበት ቤት ግን ጥቂት ነው።

ወላጆችና አያቶች፣ ከቡድኖች ያየሁትን በአጭሩ ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ማታ ምንም አትወስኑ፤ ልጁ ይብላ፣ ይተኛ። ከቀናት በኋላ በር ዘግታችሁ፣ ታናናሾቹ በሌሉበት፣ ለብቻው አነጋግሩት፤ ጥሩ የሠራውን አስቀድሙ። ቀጥሎ ወረቀቱን አውጡ፦ የትኛው ትምህርት ነው የወረደው? ስንት ቀን ቀረ? የሚያጠናበት ቦታና ሰዓት ነበረው? ሜዳ ሳትሰጡት ጎል አትጠይቁት። ማካካሻ ትምህርትም ይሁን ሙያ፣ ድጋሚ ፈተናም ይሁን ሥራ፣ ቀጣዩን መንገድ ከእሱ ጋር ምረጡ እንጂ ለእሱ አትምረጡለት። በመጨረሻም ውሳኔው የሚታይበትን ቀን ቁረጡ። ቀን ያልተቆረጠለት ምክር ተግሣጽ ሆኖ ይቀራል።

ልጁ ዘንድሮም ሊሸነፍ ይችላል። ሜፕል ሊፍስ ከዋንጫ ከራቀ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኛም ከ1954 ወዲህ እየጠበቅን ነው። ቡድኑ ግን በየዓመቱ ይሰለፋል፤ ደጋፊውም አልተወውም። ለልጆቻችንም ከዚህ ያነሰ ትዕግሥት ልንሰጣቸው አይገባም።