ፒኤ ዶሜን

ፒኤ ዶሜን በዕፅዋትም በእንስሳትም ፕሮቲኖች ውስጥ የሚገኝ፣ ራሱን ችሎ የሚተጣጠፍ የፕሮቲን ክፍል ነው። ስሙን ያገኘው ፕሮቲን ከሚቆርጡ ኤንዛይሞች ጋር ተያይዞ በመታወቁ ነው፤ ራሱ ግን አይቆርጥም። ዋና ሥራው ሌላ ፕሮቲን ለይቶ መያዝ ነው።

በጎጃም ደጋ የሚዘራው አተር ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በ1994 እ.ኤ.አ. ቢፒ-80 የተባለ መራጭ ተቀባይ የታወቀው ከአተር ፍሬ ነበር። በዚህ ዓይነት ተቀባይ ላይ ያለው ፒኤ ዶሜን የፕሮቲኖችን የአድራሻ ምልክት ይለያል፤ ተቀባዩም ወደ ቫኩዎል፣ ማለትም ወደ ሕዋሱ ጎተራ፣ ይልካቸዋል። በሰናፍጭ ወገኑ አራቢዶፕሲስ ላይ ተመሳሳዩ ተቀባይ ሲጠፋ በፍሬው መከማቸት የነበረበት ፕሮቲን ከፊሉ ከሕዋሱ ውጭ ፈስሶ ይገኛል።

በሰው ውስጥ ዶሜኑ አርኤንኤፍ43 በተባለው ዩቢኪቲን ሊጌዝ ላይ ከሕዋሱ ሽፋን ውጭ ይቀመጣል። ሊጌዙ ፍሪዝልድ የተባሉ ተቀባዮችን በዩቢኪቲን ምልክት አድርጎ ከሽፋኑ ላይ ስለሚያስወግድ፣ ሕዋሱ እንዲባዛ የሚገፋፋው የውንት መልእክት ይቀንሳል። አር-ስፖንዲን የተባለ ፕሮቲን ፒኤ ዶሜኑን ሲይዝ ግን ሊጌዙ ራሱ ይወገዳል፤ መልእክቱም ይበረታል። የአርኤንኤፍ43 ጂን ጉድለት በትልቁ አንጀት፣ በቆሽትና በጨጓራ ካንሰሮች ላይ ታይቷል።