የአያቶቻችን ቡሄ በጉለሌ ቤታችን

የክረምት ዕረፍት በደረሰ ጊዜ ልጆች ከቤት ይውላሉ፤ ከቤት የዋለ ልጅም ግብዣ መመኘቱ አይቀርም። ባለፈው ክረምት የእኛዎቹ «የድሮ ዘመን ግብዣ ይደረግልን» ብለው ለመኑን። ሐሳቡን ያገኙት ከስልክ ነው። በውጭ አገር ሰዎች የአያቶቻቸውን ልብስ ለብሰው፣ የጥንቱን ሙዚቃ እያሰሙ የሚያደርጉትን ድግስ አይተው ኖሯል። እኛም አልከለከልናቸውም። ነገር ግን የክረምት በዓልም ድሮነትም ከተፈለገ፣ ቡሄን የመሰለ በዓል እያለን ሌላ ፍለጋ መሄድ የማይገባ ሆኖ ስለታየን፣ ቀኑን ለነሐሴ 12 ማታ፣ ለደብረ ታቦር ዋዜማ ቆረጥን።

ስለ ልብሱ ብዙ አንናገርም። ሽሮ ሜዳ ቅርባችን ስለሆነ አዲስ ጥበብ መግዛት ቀላል ነበር፤ የልጆቹ አያት ግን ሣጥናቸውን ከፍተው ያወጡት ቀሚስ ከጠርዙ ላይ ጣት የምታህል ጥለት ብቻ ያለበት ነው። ልጃገረዶቹ መጀመሪያ ቅር አላቸው፤ ከለበሱት በኋላ ግን አላወልቅም አሉ።

በምግቡ ጉዳይ ጥቂት ክርክር ተነሣ። ልጆቹ ኬክ አስበው ነበር፤ ቡሄ ከነሐሴ 1 እስከ 15 በሚጾመው በፍልሰታ ውስጥ መዋሉን ረስተዋል። የጾም ኬክ የሚሉትም አለ፤ እኛ ግን ሙልሙል በሚጋገርበት ቀን ኬክ ማቅረብን አልወደድነውም። ስለዚህ ሽሮ፣ አዚፋና የሱፍ ፍትፍት ተሠራ፤ ለልጆቹም ብርዝ ተበጠበጠ።

ዋናው ድካም ሙልሙሉ ነበር። ከእንጦጦ ሥር ባለው ሰፈራችን የነሐሴ ብርድ ሊጥ በቶሎ አያስነሣም። አያታቸው ስንዴውን ከቀደመው ቀን አቡክተው፣ ቡሀቃውን በጋቢ ሸፍነው፣ ሌሊት እየተነሡ ሲያዩት አደሩ። ሊጡን ድቡልቡል ሳይሆን ሞላላ እያደረጉ፣ ከቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች በተገዛው ምጣድ ላይ ሲጋግሩ፣ ልጆቹን አጠገባቸው አስቀምጠው የበዓሉን ነገር አጫወቷቸው። ጌታ በታቦር ተራራ ላይ በጴጥሮስ፣ በያዕቆብና በዮሐንስ ፊት ብርሃኑን በገለጠ ጊዜ፣ ሙሴና ኤልያስም በታዩ ጊዜ፣ በአካባቢው የነበሩ እረኞች ቀኑ ያልመሸ መስሏቸው በሜዳ ቆዩ፤ ቤተ ሰቦቻቸውም ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ ይባላል። እንግዲህ ሙልሙል ከቤት ውጭ ላለ ልጅ የሚወጣ ዳቦ ነው። ይህን እኛም በጆሯችን ሰምተናል፤ ነገር ግን ከሰዓታት በኋላ ዘነጋነው።

ችቦውን በተመለከተ አንድ ምክር አለን። የክረምት እንጨት እርጥብ ነውና ጭራሮው ሁለት ሳምንት ቀድሞ ከማድቤት ጣሪያ ሥር መድረቅ አለበት። ሲለኮስም ከኤሌክትሪክ ሽቦና ከመኪና ርቆ፣ አንድ ባልዲ ውሃ ተቀምጦ ይሁን። ጅራፍ ግን አሳፈረን። በልጅነታችን ያጮኽነው ሰዎች መግመዱን ረስተናል፤ ከሽሮ ሜዳ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ከቃጫ ገምደው ሰጡን። ድምፁ ከደመናው የተሰማው የአብ ድምፅ ምሳሌ መሆኑንም ለልጆቹ የነገሯቸው እርሳቸው ናቸው።

የጠራናቸው ልጆች 14 ነበሩ። ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት አስበን 28 ሙልሙል አስጋገርን። ለዘበኛውም ስማቸው የተጻፈውን ብቻ እንዲያስገባ ነገርነው።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን ከበሩ ውጭ ሆያ ሆዬ ተሰማ፤ ዱላም መሬቱን መታ። ዘበኛው «ዛሬ ግብዣ አለ፤ አታስቸግሩ» ሲል ድምፁ እስከ ሳሎን ደረሰ። አያታቸው የያዙትን ሰፌድ አስቀመጡ።

«ማነው ልጆቹን የከለከለ?»

«እኛ ነን፤ የተጋገረው ልክ በልክ ስለሆነ ነው» አልናቸው።

«ታዲያ የጋገርኩት ለማን ነው?» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ በሩ ሄዱ። ማንም አልተከተላቸውም፤ ዓይናችንን ከመሬት ማንሣት አቅቶን ነበር።

የገቡት 11 ልጆች ናቸው፤ ጫማቸው በጭቃ ርሷል። አውራጁ ዓሥር ዓመት የሚሆነው፣ ድምፀ ጎርናና ልጅ ነው። የእኛዎቹ ዘፈኑን ከስልክ አጥንተው ነበር፤ ነገር ግን አውራጁ የቤቱን ሰው እየጠራ ሲያሞግስ መቀበሉን ስላላወቁ አፋቸውን ከፍተው ቆሙ። በሦስተኛው ዙር ግን የታናሽ ልጃችን ድምፅ ከሁሉ በላይ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ችቦው ከበሩ ውጭ ተለኮሰ፤ ግቢያችን ስለሚጠብ ጅራፉም እዚያው ጮኸ፤ የጎረቤትም በር መከፈት ጀመረ።

ሙልሙሉ ለሁሉም አንድ አንድ ደረሰ። አውራጁ ሙልሙሉን ተቀብሎ ጥቂት ቆመ፤ ብር ይጠብቅ ኖሯል። በዚህ ዘመን ብዙ ቤት የሚሰጠው ብር ስለሆነ አልፈረድንበትም፤ ጨመርንለት።

ሦስት ሙልሙል ተረፈ። አያታቸው አንዱን ለዘበኛው ሰጡት፤ ሁለቱን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው በማግሥቱ ለሚመጣው ለክርስትና ልጃቸው አስቀመጡ።