በግራ እጅ የተያዘ አደራ

ናይሮቢን የሚያውቅ ሰው የኪሪንያጋን መንገድ ያውቃል። ቀደም ሲል ግሮጋን ይባል የነበረው ይኸው መንገድ የመኪናና የሞተር ብስክሌት መለዋወጫ ፈላጊ ሁሉ መድረሻ ነው። በየጠባቡ ሱቅ ደጃፍ ሰንሰለቱ፣ መስተዋቱና የፍሬን ሸራው ተሰቅሎ ይታያል። ከደንበኞቹም ብዙዎቹ «ቦዳ ቦዳ» በመባል የሚታወቁት ባለሞተር አመላላሾች ናቸው። ስሙ የመጣው በኬንያና በኡጋንዳ ጠረፍ፣ በቡሲያ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መንገደኛን ከድንበር ድንበር በብስክሌት ያመላልሱ ከነበሩ ሠራተኞች ነው። የኬንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 በአነስተኛ ሞተሮች ላይ የነበረውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ካነሣ ወዲህ ደግሞ ሞተሩ የብስክሌቱን ቦታ ወስዶ ከተማዋን አጥለቅልቋታል።

ለሥራ ጉዳይ በዚያች ከተማ በቆየሁባቸው ቀናት በአንደኛው፣ ከእነዚህ ሱቆች ፊት አማርኛ የሚነጋገሩ ባልና ሚስት አየሁ። ባልየው አርባ ዓመት ያለፋቸው፣ ኢስሊ በሚባለው ሰፈር የሚኖሩና በባለ 150 ሲሲ ሞተር ዕቃ እያመላለሱ ቤተሰባቸውን የሚያስተዳድሩ ሰው ናቸው። በእጃቸው ቀይ ቀለም የተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ የፍሪሲዮን ማንሻ ይዘዋል። ሰላምታ ብሰጣቸው ወዲያው ለዳኝነት አቆሙኝ።

«ወንድሜ፣ ይኸኛው አያምርም?»

ባለቤታቸው ቀደሙኝ። «መልኩስ ለሠርግ ይሆናል። ግን ከኋላው የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ ይያዝለት እንደሆነ ነው መጠየቅ የሚገባው።»

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ባለፈው ሳምንት በቲካ መንገድ የመኪና ጭንቅንቅ ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ፍሪሲዮን ሲይዙና ሲለቁ የግራ እጃቸው ጣቶች ደንዝዘው ነበር። አደባባዩ ላይ ሲደርሱ ጣቶቻቸው ከዱአቸው፤ ማንሻው ሳያስቡት ተለቀቀ፤ ሞተሩም ዘሎ ከአንድ ማታቱ የኋላ መከላከያ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ሚስቲቱ ከኋላ ነበሩ። እንግዲህ የዚያን ቀን የተፈለገው ጌጥ ሳይሆን ለደከመ እጅ የሚበጅ ማንሻ ነው።

ውድ አንባቢያን! በየጦር ሰፈራችን አካባቢ ሞተር ያላቸው ጓዶችና ባለቤቶቻቸው ይህን ትንሽ ብረት ንቀው እንዳያልፉት የማንሻውን ተግባር በቅድሚያ መረዳት ይገባል። ማንሻው ሲሳብ የብረት ገመዱን ይጎትታል፤ ገመዱም የፍሪሲዮኑን ሸራዎች አለያይቶ የሞተሩን ኃይል ከጎማው ያቋርጣል። ለምሳሌ ከማጠፊያው ቡሎን እስከ ጣቶቻችን 120 ሚሊ ሜትር፣ ከቡሎኑ እስከ ገመዱ መያዣ ደግሞ 30 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። የጣታችን ኃይል 4 እጥፍ ሆኖ ገመዱ ላይ ይደርሳል ማለት ነው። ጣታችን 60 ሚሊ ሜትር ሲጓዝም ገመዱ 15 ሚሊ ሜትር ይሳባል።

አሁን የገመዱ መያዣ ከቡሎኑ 24 ሚሊ ሜትር ብቻ በሚርቅ ሌላ ማንሻ እንለውጠው። አሳሳቡ ይቀላል፤ ሱቅ ውስጥ የሞከረው ሰውም ይደሰታል። ነገር ግን ገመዱ የሚሳበው 12 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። በዚህ የተነሣ ሸራዎቹ በሙሉ ላይለያዩ ይችላሉ፤ ማርሹ እየተንጫረረ ይገባል፤ ሞተሩም መብራት ላይ ቆሞ ሳለ ወደፊት ይገፋል። በሌላ በኩል በሁለት ጣት እንዲሳብ ታስቦ ያጠረውን ማንሻ ብንመርጥና የጣታችን ርቀት ወደ 90 ሚሊ ሜትር ቢወርድ፣ 4 እጥፍ የነበረው ኃይል 3 እጥፍ ይሆናል። ስለሆነም እጃችን ሲሶ ያህል ተጨማሪ መጭመቅ ይኖርበታል። ባልየው የያዙት ቀዩ ማንሻ እንዲህ ዓይነቱ አጭር ነበር። ለደነዘዘ እጅ መድኃኒት ተብሎ የተመረጠው ራሱ ሕመሙን ሊያብስ ነበር ማለት ነው።

ወታደር ለጠመንጃው ምላጭ ሲመርጥ ቀለሙን አይጠይቅም። ለሞተሩም እንዲሁ ነው። ስለዚህ አሮጌው ማንሻ ተፈቶ ወደ ሱቅ ይወሰድ፤ ከአዲሱ ጋር ተደራርቦ የቡሎኑ ቀዳዳ፣ ውፍረቱና የገመዱ ራስ የሚገባበት ቦታ በትክክል መግጠሙ ይታይ። ጫፉ ክብ ድቡልቡል መሆን አለበት። ይህም ለጌጥ የተደረገ አይደለም፤ በመውደቅ ጊዜ ሥጋ እንዳይወጋ ነው። በዓለም አቀፍ የሞተር ውድድር ደንብም የዚህ ድቡልቡል ስፋት ከ16 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ ተደንግጓል። በመጥፎ ሁኔታ የተቀለጠ አሉሚኒየም ውስጡ አየር የቋጠረ ስለሚሆን ያለ ማስጠንቀቂያ ከመሠረቱ ሊሰበር ይችላል። ጥሩ ማንሻ ግን ብዙ ጊዜ ይጎብጣል፤ ወይም ጫፉ ላይ ሆን ተብሎ ከተበጀለት ቀጭን ቦታ ተሰብሮ ቤት የሚያደርስ ጉማጅ ያተርፋል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2008 የሐሰት ሸቀጥን የሚከላከል ሕግ ብታወጣም፣ ሕጉ የገዢውን ዓይን አይተካም።

ማንሻው ከታሰረ በኋላ ወደ ላይና ወደ ታች መወዛወዝ የለበትም፤ ሲለቁትም ያለ እገዛ መመለስ አለበት። እስከ መጨረሻው ሲሳብ መጨበጫውን እንዳይነካ፣ ርቀቱ የሚስተካከል ዓይነት ከሆነም በሁሉም ደረጃ ፍሪሲዮኑን ፈጽሞ የሚለይ እንዲሆን ይፈተሽ። ገመዱ መሳብ ከመጀመሩ በፊት የማንሻው ጫፍ ያለ ኃይል የሚንቀሳቀስበት ክፍተት በብዙ ሞተሮች ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነው፤ ትክክለኛው ልክ ግን ከሞተሩ መመሪያ ይነበባል። ክፍተቱ ከጠፋ ሸራው ሳይታወቅ እየተንሸራተተ ይቃጠላል። ሞተሩ ቆሞ መሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው ሲዞርም ክፍተቱ ሊኖር ይገባል። አንዳንድ ሞተር ፍሪሲዮኑ ካልተያዘ እንዳይነሣ የሚያደርግ ማብሪያ ስላለው፣ አዲሱ ማንሻ ያንን መንካቱ ይረጋገጥ። የማንሻው ማቀፊያም ከልክ በላይ ባይጠብቅ ይመረጣል፤ ሞተሩ ሲወድቅ ዞሮ ማንሻውን ከመሰበር ያድነዋልና።

በዚያ ቀን ግን ቁም ነገሩን የፈጸመው በሱቁ አጠገብ የነበረ ሽማግሌ መካኒክ ነበር። ማንሻውን ሳይመለከት የድሮውን ገመድ ከሽፋኑ መዘዘ። ገመዱ ዝጎ ደርቋል፤ ከክሮቹም ገሚሱ ተበጥሰው እንደ እሾኽ ቆመዋል። እጅን ያደነዘዘው ጠላት ማንሻው ሳይሆን ገመዱ ኖሯል! ባልና ሚስቱ ከሞተሩ ጋር በልኩ የሚገጥም ተራ ጥቁር ማንሻና አዲስ ገመድ ገዙ፤ መካኒኩም ማጠፊያውን ግራሶ ቀባላቸው። ሁለቱ ተደምረው ከቀዩ ማንሻ ረከሱ። የተረፈውን ገንዘብ ሚስቲቱ ቆጥረው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«ሳቢው እስቲ» አሏቸው ባለቤታቸው። ሚስቲቱ በሁለት ጣት ሳቡት፤ ሳቡትና ሳቁ።

«ባነጋገር ይፈረዳል፣ ባያያዝ ይቀደዳል» ይላል የሀገራችን ሰው። የሞተር አያያዝም እንዲሁ ነው። ከደመወዙ ቆጥቦ ሞተር የገዛ ጓድ ሁሉ፣ ሌላ ጌጥ ከመጨመሩ በፊት በእረፍት ቀኑ ዐሥር ደቂቃ ወስዶ ገመዱንና ማንሻውን ይመርምር። ከኋላው የምትቀመጠው ባለቤቱም የፍተሻው ተካፋይ ትሁን፤ ማንሻውን ራሷ ሳብ አድርጋ ትሞክረው፤ «ከብዷል» ብትልም ቃሏ እንደ ማስጠንቀቂያ ይወሰድ። በዚያ በግራ እጅ ከማንሻው ጋር የሚያዘው የእርሷም ሕይወት፣ እቤት የሚጠብቁት ልጆችም አደራ ነው።