ለሊኑክስ ኮምፒዩተር ቀላል የሥዕል ፕሮግራም ስለ መምረጥ

በአዲስ አበባ፣ መርካቶ ውስጥ ወደሚገኘው እህል በረንዳ የሄደ ሰው ጤፍ፣ ስንዴ፣ በቆሎና ባቄላ በየጆንያው ተደርድሮ ያያል። ከመደብሮቹ በአንዱ የሚሠራ ነጋዴ «ማኛ ጤፍ» የሚል ጽሑፍና የጤፍ ዘለላ ሥዕል ያለበት ማስታወቂያ ፈለገ እንበል። በቤቱ ያለው ኮምፒዩተር አሮጌ ነው፤ የሚሠራውም በሊኑክስ ነው። ሴት ልጁ ደግሞ በትምህርት ቤት የለመደችው «ፔይንት» የተባለው ፕሮግራም እዚያ ላይ ስለሌለ ተቸግራለች። ማስታወቂያውን ለሌላ ለማሠራት ገንዘብ ይወጣል፤ ስለዚህ መፍትሔውን እዚያው ቤት መፈለግ ይኖርባታል።

«ፔይንት» እ.ኤ.አ. በ1985 ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የወጣ የማይክሮሶፍት ንብረት ነው። ሊኑክስ ግን እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ በተባለ ፊንላንዳዊ ተማሪ የተጀመረ፣ ማንም ሰው ሊገለብጠውና ሊያሻሽለው የተፈቀደለት ሥርዓት ነው። በሀገራችንም እ.ኤ.አ. በ2008 በተማሪዎች እጅ የገቡት ትንንሾቹ ኤክስ ኦ ላፕቶፖች የሚሠሩት በሊኑክስ ነበር። እንግዲህ በሊኑክስ ላይ የሥዕል መሣሪያ አይጠፋም፤ አስቸጋሪው ነገር ከብዙዎቹ መካከል ተስማሚውን መለየት ነው።

ከመምረጣችሁ በፊት እንዲህ ያለ ፕሮግራም ሥዕልን እንዴት እንደሚይዝ ተረዱ። በሰፌድ ላይ የተዘረጋ ጤፍ ከሩቅ ሲታይ አንድ ወጥ ነጭ መስሎ ይታያል፤ ቀርባችሁ ስታዩት ግን ፍሬ ፍሬው ይለያል። የኮምፒዩተር ሥዕልም እንደዚሁ ከጥቃቅን የቀለም ነጥቦች የተሠራ ነው። ወርዱ 800፣ ቁመቱ 600 ነጥብ የሆነ ሥዕል 480,000 ነጥቦች አሉት ማለት ነው። ትንሹን ሥዕል በግድ ብትለጥጡት ነጥቦቹ አይበዙም፤ ይተልቃሉ እንጂ። በዚህም ምክንያት የፊደሎቹ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል። ለግድግዳ የሚሆን ማስታወቂያ ስትጀምሩ ከመነሻው ሰፊ ገጽ ክፈቱ።

አሁን ወደ ምርጫው እንለፍ። ስሙ ከሁሉ ይልቅ የሚጠራው «ጊምፕ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1995 በካሊፎርኒያ ሁለት ተማሪዎች የጀመሩት ሲሆን ለፎቶግራፍ ማስተካከያ እጅግ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን አንድ ቁና ጤፍ ለመውሰድ የጭነት መኪና የሚከራይ የለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው «ተክስ ፔይንት» በአማርኛም የተተረጎመ ነው፤ ሆኖም የተሠራው ለሕፃናት ስለሆነ ታናናሾቻችሁን ያስደስት ይሆናል እንጂ ለነጋዴው አይበቃም። ለ«ፔይንት» የሚቀርበው «ኮለርፔይንት» ነው፤ እርሳሱ፣ ብሩሹ፣ የቀለም መሙያውና የጽሑፍ መሣሪያው በለመዳችሁት መልክ ተደርድረዋል። ጉድለቱ ኬዲኢ ለተባለው የገጽታ ሥርዓት የተዘጋጀ መሆኑ ነው፤ ገጽታችሁ ሌላ ከሆነ ብዙ ተጓዳኝ ፋይሎችን ይዞ ይመጣል። ለጂኖም ገጽታ «ድሮዊንግ» ይስማማል። አቅሙ ለደከመ ኮምፒዩተር «ኤምቲፔይንት» ቀላል ነው፤ መልኩ ግን ያረጀ ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ የኢንተርኔት ወጪው ካላሳሰበ «ኮለርፔይንት» ይቀድማል።

ፕሮግራሙን ከሰው ፍላሽ ላይ አትገልብጡ። ሊኑክስ የራሱ የፕሮግራም ማከማቻ አለው፤ በዚያ የሚገኙት ፕሮግራሞች ስለማይሸጡ የሚከፈልባቸው ዋጋ የለም፤ በመንገድ ላይ እንዳልተነካኩም በዲጂታል ፊርማ ይረጋገጣል። ስሙን በመፈለጊያው ሣጥን ጻፉና «ጫን» ከማለታችሁ በፊት መጠኑን ተመልከቱ።

የእህል ገዢ ጆንያውን ሙሉ ከመጫኑ አስቀድሞ ጥቂት በመዳፉ ዘግኖ ያያል። እናንተም በአዲሱ ፕሮግራም «ጤፍ» ብላችሁ ሞክሩ። በፊደሉ ቦታ ባዶ ሣጥን ከታየ የጎደለው የፊደል ቅርጽ ስለሆነ «አቢሲኒካ»ን የመሰለ የግዕዝ ቅርጽ ጫኑ። የላቲን ፊደል ብቻ የሚወጣ ከሆነ ግን በቁልፍ ሰሌዳው ምርጫ ውስጥ አማርኛን መጨመር ያስፈልጋል። ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ ብዙ ሰው ግን አንድ እያደረገ ይደክማል።

ጽሑፉ ከተቀመጠ በኋላ ራሱ ወደ ቀለም ነጥብነት ይለወጣል፤ ስለዚህ እንደ ደብዳቤ አንድ ፊደል ነቅሎ ማረም አይቻልም። «ማኛ» በሚለው ፈንታ «ማና» ተብሎ ከተጻፈ ቃሉ ጠፍቶ እንደገና መጻፍ አለበት። ሥዕሉንም «ፒኤንጂ» በተባለው ዓይነት አስቀምጡ፤ «ጄፔግ» ለፎቶግራፍ ይመቻል እንጂ በፊደል ጠርዝ ዙሪያ ጉድፍ ይተዋል። የጤፍ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥም ዋጋው ያልተጻፈበትን ቅጂ በሌላ ስም ለብቻው አስቀምጡ።